ሐዲድ ያልደረሰበት አገር የባቡር ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል?

ወሎ ተቀምጦ የድሮ ባቡር ታሪክ መሰብሰብ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። «ድሬዳዋ ውረድ እንጂ፣ እኛ ጋ ምን ባቡር ነበረና?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ጊዜዬን የምገፋው የሰው ቤት እየዞርኩ ቡና በመጠጣትና የድሮ ወረቀት በማገላበጥ ነው። ባለቤቴ «ሥራ ፈት» ትለኛለች። ብዙም አልተሳሳተችም።

ኮምቦልቻ ላይ የባቡር ነገር ሲነሳ ወጣቱ የሚያስበው አዲሱን ሐዲድ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በእኛ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን፣ ቱርኮቹ የሠሩትን። ታሪኩ ከዚያ የሚጀምር ይመስለዋል። ወሎ ግን ከባቡር ጋር የተዋወቀው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ባቡሩ እኛ ጋ አልመጣም፤ በታች በኩል አለፈ። በታች ያለፈ ባቡርም ሥራውን ይሠራል። የነጋዴውን መንገድ ያዞራል። የአቡጀዲውን ዋጋ ይነካል። ጎረምሳውን ከአባቱ ቤት ያስኮበልላል። እዚህ የሚሰበሰበው ይኼኛው ታሪክ ነው።

እንዴት እንደሚሰበሰብ የማውቀውን ልንገራችሁ። ታሪክ መማር አያስፈልግም። ስልክ፣ ደብተር፣ ሜትርና ትዕግሥት ይበቃል።

አንድ ገጽ ወረቀት

ሰው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ዋና ዋናዎቹን ዓመታት አንድ ገጽ ላይ ጻፉና አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ያለዚህ ወረቀት የተነገራችሁን ሁሉ ታምናላችሁ፣ ወይ ደግሞ የተነገራችሁን ሁሉ ትጠራጠራላችሁ። ሁለቱም አይጠቅምም። ዓመቶቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ከጂቡቲ ሥራው የተጀመረው በ1890 መጀመሪያ ላይ ነው። ድሬዳዋ የደረሰው በ1895። ከጂቡቲ እስከዚያ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የታሰበው ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ገንዘብ ስለሚበላ ግን ሐረርን ከላይ ትቶ ከበታቿ ቆመ። ድሬዳዋ የተወለደችው እንደዚህ ነው።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፣ ዓመታት ባከኑ። በ1900 አዲስ ውል ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ። ዶክተሩ የጉዋዴሎፕ ሰው ነበር። ሥራውን የቀጠለው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የሚባለው አዲስ ኩባንያ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። መስመሩ በጠቅላላ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ምኒልክ በ1906 ስላረፉ ባቡራቸው ደጃቸው ሲደርስ አላዩም። ይህን ስነግራቸው ከንፈሩን የማይመጥ ሽማግሌ አላጋጠመኝም።

በሰሜን በኩል ጣሊያኖች ከምጽዋ የጀመሩት ባቡር አሥመራ የወጣው በ1904 ነው። እሱንም ጻፉት። ከወሎ ሰው አሥመራ ወርዶ የሠራ ብዙ ነውና ሁለቱ ባቡሮች በሰው ትዝታ ውስጥ ይደባለቃሉ።

ከዚህ ጎን የወሎን ምሰሶ ዓመታት አስቀምጡ። የሰገሌ ጦርነት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909። የኅዳር በሽታ፣ 1911። ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችበት ቀን፣ ኅዳር 26 ቀን 1928። ጃንሆይ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጂቡቲ የወጡበት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928። ወሎዬ ሽማግሌ ዓመት አይጠራላችሁም። እነዚህን ግን ይጠራል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር

የፈረንጅ መጽሐፍ ወይም የፖስታ ማኅተም ካገኛችሁ ዓመቱን መመለስ አለባችሁ። ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ስምንት ቀንሱ። ከመስከረም 1 በኋላ ሰባት ቀንሱ። ዲሴምበር 1902 ሲሆን 1895 ይመጣል። ጁን 1917 ሲሆን 1909። ይህን ሁሉም ያውቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀኑን ነው። ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፤ እኛ አልዘለልንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለ ቀን፣ ማለትም እስከ የካቲት 1892 ያለው፣ ከዛሬው ስሌት በአንድ ቀን ይለያል። ዓድዋን አስቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ ማርች 1 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ኢልግ ፈቃዱን ያገኘው ማርች 9 ቀን 1894 ነው። በዛሬው ስሌት ብትሄዱ የካቲት 30 ይላችኋል። በዚያ ዘመን ስሌት ግን መጋቢት 1 ቀን 1886 ነው። አንድ ቀን ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ሁለት ወረቀት ስታመሳክሩ ግን አንዱ ሐሰተኛ የሚመስላችሁ በዚች አንድ ቀን ነው።

«ለምን ወደኛ አልመጣም?»

ይህን ጥያቄ ሁሉም ቤት ይጠይቋችኋል። መልስ ይዛችሁ ሂዱ።

የመጀመሪያው መልስ አቀበቱ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ሐረርን ለመውጣት ያልደፈረ ባቡር ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት እንዴት ይወጣል? የእንፋሎት ባቡር ገደል አይወድም። የአዋሽን ሸለቆ ተከትሎ ቀስ እያለ መውጣት ይቀለዋል።

ሁለተኛው መድረሻው ነው። የፈረንሳይ ገንዘብ የፈለገው ዋና ከተማዋንና የጂቡቲን ወደብ ማገናኘት ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በ1899 ታኅሣሥ ላይ ሲዋዋሉ የጂቡቲ መስመር ለፈረንሳይ ተተወ። ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል የማገናኘት ተስፋ ተሰጣት። ባለአገሩን ማንም አላማከረም። ወሎ በዚያ ካርታ ላይ የማንም ሐዲድ አልደረሳትም።

ሦስተኛው ደግሞ በእኔ ግምት ትልቁ ነው፤ የ1920 ውል። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ኢትዮጵያና ጣሊያን ሲዋዋሉ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ሊሠራ፣ ኢትዮጵያም አሰብ ላይ ነፃ ቀጠና ልታገኝ ተስማሙ። የዚያን ጊዜ አብዛኛው የአገሪቱ የውጭ ንግድ በአንድ ሐዲድና በአንድ ወደብ ይተላለፍ ነበር። የባቡሩ ኪራይም ውድ ነበር። ሌላ በር የተፈለገው ለዚህ ነው። መንገዱ ሲጓተት ቆይቶ የተጠናቀቀው ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ነው። እንግዲህ ወሎ ሐዲድ ሳይሆን የመኪና መንገድ ደረሰው። ወሎ ውስጥ የድሮ ሾፌር ቤት መሄድ የባቡር ሠራተኛ ቤት የመሄድን ያህል የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ማናገር

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሌላውን ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

ባቡሩ ሲገባ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። የምታናግሩት ሰማንያ ያለፈውን ነው፤ የሚነግራችሁም ከአባቱ ወይም ከአያቱ የሰማውን ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ከታሪኩ በፊት «ማን ከማን ሰማ» የሚለውን ጻፉ። «አባቴ ነገረኝ» እና «ሲባል ሰማሁ» እኩል አይደሉም።

ከየት ትጀምራላችሁ? ከነጋዴ ቤተሰብ። ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ደሴ። ከዚያ ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ዘመድ ያለው ቤተሰብ። ሴቶቹን አደራ። ወንዶቹ ስለ ባቡሩ ጩኸት ያወሯችኋል። ሴቶቹ የሚያወሩት ባቡሩ ስለወሰደው ሰው ነው፤ ማን ወርዶ እንደቀረ፣ ማን ሌላ ትዳር ይዞ እንደተመለሰ፣ ገንዘብ ማን እንደላከ። ለታሪክ የሚጠቅመው ይኼኛው ይበልጣል።

በዕለተ ገበያ አትሂዱ። ባቲ ሰኞ ሰኞ ሰው አይናገርም፤ ይነግዳል። ለሙስሊም ቤተሰብ አርብ ቀትር ላይ አትድረሱ። ስኳርም ቡናም ያዙ፤ እጅን እያወዛወዙ ሽማግሌ ቤት መግባት በወሎ ነውር ነው።

ስትገቡ ደብተር አታውጡ። አቦል እስኪጠጣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልጆች ተጫወቱ። በቶና ላይ ነገሩን ጣል አድርጉ። ከበረካ በኋላ ስልካችሁን አውጥታችሁ ልቅረጽ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሲፈቀድላችሁ ስልኩን ከሙቀጫውና ከረከቦቱ ራቅ አድርጉ፤ ሲኒ ሲጋጭ ድምፁ ሽማግሌውን ይውጠዋል። ቀረጻው ሲጀምር ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ራሳችሁ ተናገሩ። በኋላ ፋይሉ ከሌላ ፋይል ጋር ሲቀላቀል ታመሰግኑኛላችሁ።

አጠያየቅም ወግ አለው። አንቱ ብላችሁ ጠይቁ። የልጅ ልጃቸውን ብታስቀምጡ ደግ ነው፤ ጆሮ የከበዳቸውን ድምፁን የለመዱት ሰው ቢደግምላቸው ይሻላል።

በፍጹም «ስለ ባቡር ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ የታወቀ ነው፤ «እኔ ባቡር ምን አውቄ!» ይሏችኋል፣ ጨዋታውም እዚያው ያልቃል። በዙሪያው ኑ። ጨው ከየት ይመጣ ነበር? አቡጀዲውስ? ከቤቱ ወደ ቆላ ወርዶ የቀረ ሰው አለ? መጀመሪያ ጋዝ መብራት ያበራው ማን ነው? ባቡሩ ራሱ ይመጣል።

ዓመት የሚገኘው እንዲህ ባለ ጨዋታ ነው፦

«አባ፣ አባትዎ ድሬዳዋ የወረዱት መቼ ነው?»

«ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ድሮ ነው።»

«ከሰገሌ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው እንጂ! ሰገሌማ አያቴ የዘመቱበት ነው። አባቴ ያኔ ከብት ጠባቂ ነበር።»

«በኅዳር በሽታስ የት ነበሩ?»

«እዚያው ነበር። ስንቱን እንደቀበሩ ይነግረን ነበር።»

አለቀ። በ1909 እና በ1911 መካከል ነው። ሽማግሌው አንድም ቁጥር አልጠሩም፤ እናንተ ግን ዓመቱን ይዛችኋል።

የተነገራችሁ እውነት መሆኑን የምታጣሩት ደግሞ በትንንሽ ነገር ነው። ባቡሩ በዚያ ዘመን ማታ ማታ አይሄድም ነበር። ከጂቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሌሊቱ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ይታደራል። «የት የት አደሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አዋሽ አድረን» የሚል መልስ ወርቅ ነው። ድሬዳዋን በእውነት የኖረበት ሰው ሁለቱን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ ይለያል፣ በመካከል ያለውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ያነሳል። የጣቢያዎቹን ስም በተራ ማስቆጠርም ጥሩ ነው፤ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሐራ። የሠራበት ሰው ልጅ ከአባቱ አፍ የለመደውን እንደ ዳዊት ይደግማል። ያልሠራበት ሁለት ጠርቶ ያቆማል።

ጀብዱ ይነገራችኋል። «አያታችን ከምኒልክ ጋር በባቡር ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ» የሚል ቤተሰብ በየቀበሌው አለ። አትከራከሩ። አብሽሩ፣ ጻፉት። ቤት ስትገቡ ኪሳችሁ ያለውን ወረቀት አውጡ፤ ምኒልክ በ1906፣ ባቡሩ በ1909። ቤተሰቡ ይህን ለምን እንደሚያወራ ራሱ ታሪክ ነው፣ ግን ሌላ ገጽ ላይ ይጻፋል።

የልጅ እያሱ ነገር ወሎ ውስጥ ማለቂያ የለውም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነውና ማንም ዝም ብሎ አያልፈውም። መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲሻር እያሱ ሐረር ነበር። ወሬው በባቡሩ መስመር አካባቢ ስለሚሽከረከር «እያሱና ባቡሩ» የሚል ብዙ ጨዋታ ትሰማላችሁ። ከ1909 ግንቦት በፊት አዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ከባቡር ወረደ የሚል ካለበት ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ሰገሌ ላይ ሲገጥሙና ሲማረኩም ባቡሩ ከተማዋ አልገባም ነበር።

ደግሞም «ባቡር» ሲሏችሁ የቱ እንደሆነ አጣሩ። ወፍጮም ባቡር ነው። «በአየር የሚሄድ ባቡር» ካሏችሁ ጣሊያን በምጽዋና በአሥመራ መካከል በሽቦ ገመድ የዘረጋው ተለፈሪካ ነው፤ ርዝመቱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እሱን ያየ ሰው ስለ ጂቡቲው መስመር ሳይሆን ስለ አሥመራው ነው የሚያወራላችሁ።

ሳጥን ውስጥ ያለው

ጨዋታው ሲሞቅ «እስኪ ያንን ሳጥን አምጪው» ይባላል። ያኔ አትቸኩሉ። ዕቃው ከቤት አይወጣም። እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሡት። ፊቱንም ጀርባውንም። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ በኋላ መጠኑ ይታወቃል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ላሚኔት ላስደርግላችሁ የሚል ልጅ ካለ ገሥጹት።

ፎቶ ላይ የአዲስ አበባን ባቡር ጣቢያ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ ዓመቱ ይወጣል። የለገሐር ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው በ1923 ለንግሥ በዓሉ ነው። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሕንፃው ኖሮ አንበሳው ከሌለ፣ ፎቶው ወይ ከንግሡ በፊት ነው ወይ ከወረራው ወዲህ። የቆሙትን ሰዎች ልብስ አይታችሁ ትለያላችሁ። ሕንፃው ራሱ ከሌለ ከ1922 በፊት ነው ወይም ሌላ ጣቢያ ነው።

ባቡሩንም እዩ። ከፊቱ ጭስ ማውጫ ያለው የእንፋሎት ነው። ራሱን ችሎ እንደ አውቶቡስ የሚሄድ ባለ አንድ ፉርጎ ከሆነ ሊቶሪና ነው፤ በጂቡቲ መስመር ላይ ሊቶሪና የመጣው በጣሊያን ጊዜ ነው። «አያቴ በ1912 ተሳፍሮበት» የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ ቢኖር እንኳ ፎቶው ሌላ ይናገራል። ጀርባ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በኋላ በልጅ ልጅ እጅ ነው። ቀለሙ እስክሪብቶ ከሆነ ተጠንቀቁ።

ደብዳቤና ደረሰኝ ካለ የኩባንያውን ስም ከላይ አንብቡ። ፈረንሳይኛ የሚያነብ ጎረቤት ፈልጉ። «ኢምፔሪያል» የሚል ካለበት የመጀመሪያው ኩባንያ ነው። «ፍራንኮ-ኤትዮፒየን» ካለ ከ1900 በኋላ ነው። ፖስታው ላይ የድሬዳዋ ማኅተም ካለ በአጉሊ መነጽር ቀኑን ፈልጉ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ በሄደ ፖስታ ላይ ከእኛ ቴምብር ጎን የፈረንሳይ ቴምብር ብታገኙ አትገረሙ።

ብረትም ይገኛል። ድሬዳዋ ብትወርዱ ሜትር ያዙ። ከአንዱ ሐዲድ ውስጣዊ ጠርዝ እስከ ሌላው ውስጣዊ ጠርዝ ለኩ። የጂቡቲው የድሮ መስመር 1 ሜትር ነው። የአሥመራው 95 ሴንቲ ሜትር። የኮምቦልቻው አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ሐዲዱ ወገብ ላይ ከፍ ብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ካለ ጨርቅ ወስዳችሁ ጥረጉት። የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ዓመትና የሐዲዱ ክብደት እዚያ ይጻፋል። ኖራ ወይም ጠመኔ ቀባ ብታደርጉበት ፊደሉ በፎቶ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በሽቦ ብሩሽ ግን አትፈትጉት።

መንገዱን መሳል

ካርታ ላይ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲን፣ ከሚሴን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶንና ድሬዳዋን አስቀምጡ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ስለ መንገድ ብቻ ጠይቁ። የት ታደራለህ? ውኃ የት ይጠጣል? ኬላው የት ነበር፣ ማን ይቀርጣል? በቅሎ የት ቀርቶ ግመል የት ይጀምራል?

ባቲ ላይ ብዙ ጊዜ ውሰዱ። ባቲ የደጋውና የቆላው መገናኛ ናት። የአፋር ግመል ጨው ይዞ ይመጣል፣ ደጋው እህሉንና ቅቤውን ይዞ ይወርዳል። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ወደ ባሕሩ የሚያወጣው መንገድ በአውሳ አድርጎ ወደ ታጁራ ነበር። ሐዲዱ አዋሽ ሲደርስ የአንዳንዱ ነጋዴ ፊት ወደ ደቡብ ዞረ። በቤተሰብ ደረጃ መቼ እንደዞረ የምታገኙት እናንተ ናችሁ። «አያቴ ወደ ቆላ ይወርዱ ነበር፣ አባቴ ግን ወደ አዋሽ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሙሉ ምዕራፍ አግኝታችኋል። ዋጋ ሲነገራችሁ በምን ብር እንደሆነ ጠይቁ። ጠገራ ብር ነው ወይስ የወረቀት? ጠገራ ከሆነ የድሮ ነው፣ ግን እሱ ብቻውን ዓመት አይሰጥም። አሞሌ ጨው ከተጠራ ደግሞ የስንት አሞሌ እንደሆነ አስቆጥሩ።

ወረቀት ፍለጋ አዲስ አበባ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሁለቱም የድሮ ጋዜጣ አላቸው። የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከወረዳው ባህል ቢሮ አጽፋችሁ ሂዱ። ከ1917 ጀምሮ የወጣውን «ብርሃንና ሰላም» ጠይቁ። ስትገላብጡ ባቡር የሚለውን ቃል ብቻ አትፈልጉ። ደሴ፣ አሰብ፣ ኬላ፣ ቀረጥ የሚሉትንም ፈልጉ። የገጹን ቁጥርና ቀኑን ሳትጽፉ ገጽ አትግለጡ።

ከሽማግሌዎቹ ቃል በፊት ጋዜጣውን አታንብቡ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ባዶ ጭንቅላት ይዞ የሚሄድ ሰው ጥያቄ አይመጣለትም። አንብባችሁ ሂዱ፤ ያነበባችሁትን ግን አፋቸው ውስጥ አትክተቱ።

ሲጻፍ

ለእያንዳንዱ ታሪክ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከላይ ቦታውና ቀኑ። ቀጥሎ ተናጋሪው፣ ዕድሜው፣ ከማን እንደሰማ። ከዚያ ቃሉ፣ በራሱ አነጋገር፤ የወሎን አማርኛ ወደ ሬዲዮ አማርኛ አትለውጡት። ከሥር የእናንተ ማመሳከሪያ፣ በሌላ ቀለም። የተናጋሪውንና የእናንተን ቃል የሚያነብ ሰው እንዳያደባልቅ ነው ቀለሙ።

ስም ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ድሬዳዋ ሌላ ትዳር ስለያዘው አያት የሚወራው ቡና ላይ ነው እንጂ ፌስቡክ ላይ አይደለም። የውርስ ጉዳይ የሚያስነሳ ወረቀት ካጋጠማችሁ ፎቶውን ለማንም አታሳዩ።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በእኛ አካባቢ ከየቤቱ የጠፋው ወረቀት ብዙ ነው። ስለዚህ ቅጂ አብዙ። አንዱ ለቤተሰቡ በወረቀት ታትሞ ይሰጥ፤ ስልክ የሌላቸው አያትም ሊያዩት ይገባል። አንዱ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ይላክ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ በተራ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል፣ የማኅተሙ ቀንም አይነበብም።